ከሩቅ ያለ ፕሪንተርን ከዩኒክስ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት፦ አሠራሩ፣ አተካከሉና የብልሽት መፈለጊያው

«ፕሪንተሩ አይሠራም፤ ነገ ተመለሱ» የሚል መልስ የከተማ ነዋሪውን የግማሽ ቀን ሥራ ያስተጓጉላል። ከራቀ ቀበሌ በእግሩ ለመጣ አርሶ አደር ደግሞ ሙሉ ቀን ያስከፍለዋል። ይሁንና ወረቀቱ ያልወጣበት ምክንያት ሁልጊዜ የመሣሪያው መበላሸት አይደለም። በርካታ ኮምፒውተሮች አንድ ፕሪንተር በሚጋሩበት ቢሮ ውስጥ ሰነዱ ከሠራተኛው ጠረጴዛ ተነሥቶ በወረቀት ላይ እስኪያርፍ ድረስ አምስት ጣቢያዎችን ያልፋል። እነርሱም ሰነዱ የተዘጋጀበት ፕሮግራም፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ወረፋ፣ ኔትወርኩ፣ የፕሪንተሩ መቀበያ፣ በመጨረሻም ወረቀቱና ቀለሙ ናቸው። ከአምስቱ በአንዱ ላይ ከቆመ ሌሎቹ ጤነኞች ቢሆኑም ወረቀት አይወጣም።

ከርቀት የሚታዘዝ ፕሪንተርን በዩኒክስ ወይም በዩኒክስ መሰል ኮምፒውተር ላይ መትከል ከባድ ሥራ አይደለም። ከባዱ ነገር ከተተከለ በኋላ ሰነዱ የት እንደቆመ ለይቶ ማወቅ ነው። በጥንቃቄ የተተከለ ፕሪንተር ይህን ለማወቅ ያስችላል፤ በዘፈቀደ የተተከለ ግን ሠራተኛውንም ተገልጋዩንም በግምት ያመላልሳል።

ከርቀት ማተም ለምን ያስፈልጋል?

አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበርን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። የሒሳብ ሠራተኛው ቢሮ በግቢው አንድ ጫፍ፣ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር መጋዘኑ በሌላኛው ጫፍ ነው እንበል። ክፍያው የሚመዘገበው በቢሮው ኮምፒውተር ነው፤ ዕቃው የሚወጣው ግን ከመጋዘኑ ነው። ፕሪንተሩ በመጋዘኑ ተቀምጦ ከቢሮው በኔትወርክ ቢታዘዝ የመረከቢያ ወረቀቱ ዕቃው በሚወጣበት ቦታ፣ በመጋዘን ኃላፊው ፊት ይወጣል። አርሶ አደሩ ወረቀት ይዞ ከወዲያ ወዲህ አይመላለስም፤ በመንገድ ላይ የሚጠፋ ወይም የሚቀየር ወረቀትም አይኖርም። ማኅበሩም ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ ፕሪንተርና ቀለም ከመግዛት ይድናል።

ርቀቱ ግን የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል። ያዘዘው ሰው ፕሪንተሩን አያየውም። ወረቀት አልወጣም ሲባል ብዙ ሰው የሚያደርገው የማተሚያ ምልክቱን ደግሞ ደጋግሞ መጫን ነው። እያንዳንዱ ጫና አዲስ ሥራ ሆኖ ይመዘገባል። ፕሪንተሩ ወደ ሥራ ሲመለስ ያው የመረከቢያ ወረቀት አምስት ጊዜ ይታተማል። ለአንድ አርሶ አደር አንድ ጊዜ ሊሰጥ የሚገባው ማዳበሪያ አምስት ትክክለኛ የሚመስሉ ማስረጃዎች ይወጡለታል ማለት ነው። በሰኔ ግርግር መካከል ይህ የሚያስከትለው የቆጠራ ጉድለትና ጭቅጭቅ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ «ካልወጣ ወረፋውን ተመልከት እንጂ ዳግም አትዘዝ» የሚለው ነው።

ያዘዙትን ወረቀት ፍለጋ ሄዶ ባዶ እጅ መመለስ አዲስ ችግር አይደለም። በአሜሪካው የኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ከሥራ ቦታቸው ርቆ የሚገኝ የጋራ ፕሪንተር ነበራቸው። ወረቀት ሲይዘው ለጠባቂዎቹ መልእክት የሚልክ ማሻሻያ በፕሮግራሙ ላይ ጨምረውለትም ነበር። ከዚያ በኋላ ዜሮክስ ለላቦራቶሪው የሰጠው የሌዘር ፕሪንተር ግን የፕሮግራሙ ምንጭ ጽሑፍ አብሮት ስላልመጣ ያንን ማሻሻያ መጨመር አልተቻለም። ከባለሙያዎቹ አንዱ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን ይህ ገጠመኝ እ.አ.አ. በ1983 ይፋ ላደረገው የነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄ ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ እንደነበር በተደጋጋሚ ተናግሯል። ዛሬ በክፍያ ሳይታጠሩ ከሚሠራባቸው ሶፍትዌሮች ብዙዎቹ የዚያ ንቅናቄ ፍሬ ናቸው።

ዩኒክስና ዘሮቹ

ዩኒክስ እ.አ.አ. በ1969 በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ በኬን ቶምፕሰን፣ በዴኒስ ሪቺና በባልደረቦቻቸው የተጀመረ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም የኮምፒውተሩን አካላትና ፕሮግራሞች የሚያስተዳድር መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው። ከጅምሩ በርካታ ሰዎች አንድን ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ እንዲጋሩ ታስቦ ስለተሠራ ተራ የማስጠበቅ ነገር በደሙ ውስጥ ያለ ነው።

ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.አ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነክስ የዩኒክስን አሠራር ይከተላል። ኡቡንቱና ዴቢያን የተባሉት በነፃ የሚገኙ ሲስተሞች የሊነክስ ቤተሰቦች ናቸው። የአፕል ኮምፒውተሮች ሲስተምም ከዩኒክስ ዘር ይመደባል። በእነዚህ ሁሉ ላይ የማተም ሥራን የሚመራው በአብዛኛው «ካፕስ» የሚባለው ሶፍትዌር ነው፤ ስሙ «የዩኒክስ የጋራ የኅትመት ሥርዓት» የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ስያሜ የተውጣጣ ምኅፃረ ቃል ነው። ማይክል ስዊት የተባለው ባለሙያ እ.አ.አ. በ1997 ሥራውን ጀመረ፤ በ1999 ለሕዝብ ቀረበ። አፕል በ2002 ተቀበለው፤ በ2007 ደግሞ የምንጭ ጽሑፉን ባለቤትነት ገዛ።

የወፍጮ ቤት ወረፋ

የዩኒክስ አስተትም በወፍጮ ቤት ይመሰላል። ባለእህሉ ጆንያውን ስም ጽፎ በተራው ያስቀምጣል፤ ከዚያ ወደ ገበያው ሊሄድ ይችላል። ወፍጮው በአንድ ጊዜ የአንዱን ብቻ ይፈጫል። ሁሉም እህሉን በአንድ ጊዜ ቢጨምር ጤፉ ከበቆሎው ይደባለቅ ነበር።

ካፕስም የታዘዘውን ሰነድ በቀጥታ ወደ ፕሪንተሩ አይወረውረውም። መጀመሪያ በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያዘዘውን ሰው ስም ይመዘግባል፤ ተራው ሲደርስ ይልከዋል። ሰነዱ በዲስክ ላይ ስለተቀመጠ መብራት ጠፍቶ ቢመለስ እንኳ ወረፋው ባለበት ይገኛል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በዚያው ልክ የተረሳ ሥራ ከመብራቱ ጋር ተመልሶ ሳይጠበቅ ሊታተም እንደሚችልም መታወቅ አለበት።

አንድ ወረፋ ሁለት የተለያዩ ማብሪያና ማጥፊያዎች አሉት። አንደኛው አዲስ ሥራ መቀበልን ይመለከታል፤ ሁለተኛው የተቀበለውን ወደ ፕሪንተሩ መላክን። ወፍጮ ቤት ሞተሩ ቆሞ ጆንያ መቀበሉን ሊቀጥል ይችላል፤ ወይም ከዚህ በኋላ አልቀበልም ብሎ ያለውን ብቻ ፈጭቶ ሊጨርስ ይችላል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሠራተኛ ትእዛዙ ተቀባይነት ስላገኘ ብቻ ሰነዱ የታተመ ይመስለዋል።

ሦስቱ በሮች

በኔትወርክ ላይ ያለ እያንዳንዱ መሣሪያ በቁጥር የተጻፈ አድራሻ አለው፤ ለምሳሌ 192.168.1.50። ይህ ዓይነቱ አድራሻ ለአንድ ግቢ የውስጥ አገልግሎት የሚውል ነው። አድራሻው አንድ ቢሆንም በሮቹ ብዙ ናቸው፤ ባለሙያዎች ፖርት ይሏቸዋል። የኔትወርክ ፕሪንተሮች በብዛት የሚታዘዙት በሦስት በሮች ነው።

የመጀመሪያው በር 515 ነው። «ኤልፒዲ» የተባለው፣ ከበርክሌይ ዩኒክስ የመጣው የቆየ ሥርዓት በዚህ ያልፋል። አሠራሩ እ.አ.አ. በነሐሴ 1990 በጽሑፍ ወጥቷል። ቀላልና ሰፊ ተቀባይነት ያለው ቢሆንም ሰነዱን በምስጢር አይልክም፤ ስለ ፕሪንተሩ ሁኔታም የሚናገረው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው በር 9100 ነው። ኤችፒ ለፕሪንተሮቹ ባዘጋጃቸው የኔትወርክ ካርዶች የታወቀ ሲሆን ሌሎች አምራቾችም ተከትለውታል። የመጣለትን ሁሉ እንዳለ ወደ ፕሪንተሩ የሚያፈስ ቦይ ነው ማለት ይቻላል። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ማን እንደላከ አይጠይቅም።

ሦስተኛው በር 631 ነው። «አይፒፒ» ማለትም የኢንተርኔት የኅትመት ሥርዓት የሚጠቀምበት ነው። የመጀመሪያው እትም እ.አ.አ. በ1999 ወጣ፤ የተሻሻለው 1.1 ደግሞ በ2000። በዚህ በር የሚደረገው ግንኙነት የሁለት ወገን ንግግር ነው። ኮምፒውተሩ «ምን ዓይነት ወረቀት አለህ? በሁለት ገጽ ታትማለህ? ቀለምህ አላለቀም?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፕሪንተሩም ይመልሳል። የይለፍ ቃል መጠየቅና ሰነዱን መስጥሮ መላክም ይቻላል። በዚህ ሥርዓት ላይ የተመሠረቱት አዳዲስ ፕሪንተሮች ድራይቨር የሚባለውን ልዩ ሶፍትዌር ሳይጠይቁ ይሠራሉ።

ስለዚህ ምርጫው በቅደም ተከተል ነው። ፕሪንተሩ አይፒፒን የሚያውቅ ከሆነ 631፣ ካልሆነ 9100፣ ሁለቱም ከሌሉ 515 ይመረጣል። የኔትወርክ መግቢያ የሌለውና በዩኤስቢ ገመድ ብቻ የሚሠራ ፕሪንተር ከሆነ ደግሞ አጠገቡ አንድ ኮምፒውተር ይቀመጥና ያ ኮምፒውተር ፕሪንተሩን ለሌሎች ያጋራል።

በፕሪንተሩ በኩል የሚደረግ ዝግጅት

ሥራው የሚጀመረው ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከፕሪንተሩ ነው።

1. ፕሪንተሩ በተቻለ መጠን በኔትወርክ ገመድ ይገናኝ። ዋይፋይ ቢሠራም በወፍራም ግድግዳና በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ይዳከማል። የተለመደው የመዳብ የኔትወርክ ገመድ በአንድ ጊዜ እስከ 100 ሜትር ድረስ ሊዘረጋ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በመካከል ማከፋፈያ መሣሪያ ያስፈልጋል።

2. ፕሪንተሩ ስለ ራሱ የሚገልጽ ገጽ እንዲያትም ይደረግ። ይህ በፕሪንተሩ የራሱ ቁልፎች የሚከናወን ሲሆን አድራሻውን፣ የኔትወርክ መለያ ቁጥሩንና ክፍት በሮቹን ያሳያል። ገጹ በትክክል ከወጣ ወረቀቱ፣ ቀለሙና ማሽኑ ደኅና መሆናቸውም አብሮ ይረጋገጣል።

3. አድራሻው ቋሚ ይደረግ። ይህ ከሁሉም በላይ የሚዘነጋውና ብዙ ጊዜ የሚያስከፍለው እርምጃ ነው። ራውተሩ ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚሰጠው በውሰት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ፕሪንተሩ ትናንት 192.168.1.50 የነበረው ዛሬ 192.168.1.53 ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ግን ወደ ቀድሞው አድራሻ መላኩን ይቀጥላል። ፕሪንተሩም ኮምፒውተሩም ጤነኞች ሆነው ወረቀት አይወጣም። መፍትሔው በራውተሩ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ የፕሪንተሩን መለያ ቁጥር ከአንድ አድራሻ ጋር ማሰር ነው።

4. የፕሪንተሩ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ይቀየር። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የይለፍ ቃል በመመሪያ መጽሐፍ ላይ ስለሚታተም ማንም ሊያውቀው ይችላል።

5. ከኮምፒውተሩ ወደ ፕሪንተሩ መንገድ መኖሩ ይፈተሽ። «ፒንግ» የተባለው ትእዛዝ ከአድራሻው ጋር ሲጻፍ ፕሪንተሩ ምላሽ ከሰጠ ገመዱና አድራሻው ትክክል ናቸው። አንዳንድ ፕሪንተሮች ለዚህ ጥሪ እንዳይመልሱ ተደርገው ሊስተካከሉ ስለሚችሉ ዝምታው ብቻውን የብልሽት ማረጋገጫ አይደለም።

በኮምፒውተሩ በኩል የሚደረግ ተከላ

በኡቡንቱና በመሰል ሲስተሞች ላይ ካፕስ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ተጭኖ ይገኛል። ተከላው በሁለት መንገድ ሊከናወን ይችላል።

የመጀመሪያው መንገድ በኢንተርኔት ማሰሻ ነው። በዚያው ኮምፒውተር ላይ «ሎካልሆስት» የሚለው የውስጥ አድራሻ ከበር ቁጥር 631 ጋር ሲጻፍ የካፕስ የአስተዳደር ገጽ ይከፈታል። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ገጹ ያለው በኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። በአስተዳደር ክፍሉ «ፕሪንተር ጨምር» የሚለው ሲመረጥ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ከዚያ በኔትወርኩ ላይ ያገኛቸውን ፕሪንተሮች ይዘረዝራል። የሚፈለገው ከተገኘ ይመረጣል፤ ካልተገኘ አይፒፒ ተመርጦ የፕሪንተሩ አድራሻ በእጅ ይጻፋል። በመቀጠል ስም ይሰጠዋል። ስሙ ክፍተት የሌለው፣ አጭርና ቦታውን የሚናገር ቢሆን ይመረጣል፤ «መጋዘን» ወይም «መዝገብቤት» የሚል ስም ከፋብሪካው የሞዴል ቁጥር ይልቅ ለሠራተኛ ግልጽ ነው። ስሙ በላቲን ፊደል ቢጻፍ ከሌሎች ሲስተሞች ጋር ሳይቸገሩ መግባባት ይቻላል።

ሁለተኛው መንገድ በትእዛዝ መስመር ነው። የዩኒክስ የኅትመት ትእዛዞች አብዛኞቹ «ኤልፒ» በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራሉ፤ መነሻቸው «ላይን ፕሪንተር» የተባለው መስመር በመስመር ያትም የነበረ የጥንት ማሽን ስም ነው። በኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ሲሆን እዚህ የቀረቡት እንደ አጠራራቸው ነው።

«ኤልፒአድሚን» ፕሪንተር የሚተክለው ትእዛዝ ነው። አራት ነገሮች ይነገሩታል። ከንዑሷ «ፒ» ቀጥሎ የፕሪንተሩ ስም፣ ከዚያ ወረፋውን ክፈት የምትለው አቢይ «ኢ»፣ ከ«ቪ» ቀጥሎ አድራሻው፣ ከ«ኤም» ቀጥሎ የሞዴሉ ዓይነት ይጻፋል። በአይፒፒ ለሚግባቡ አዳዲስ ፕሪንተሮች በሞዴሉ ቦታ «ኤቭሪዌር» የሚለውን ቃል መጻፍ በቂ ነው። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። አቢይዋ «ኢ» ከስሙ በኋላ ስትገባ ወረፋውን ክፈት ማለት ሲሆን ከስሙ በፊት ብትገባ ትርጉሟ ተለውጦ ግንኙነቱን መስጥር ማለት ይሆናል። በዚህ ስሕተት የተነሣ ፕሪንተሩ ተተክሎ ወረፋው ግን ሳይከፈት የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ከተከላው በኋላ የሙከራ ገጽ ይታተም። ሙከራው ከካፕስ ገጽ ብቻ ሳይሆን ቢሮው በየቀኑ ከሚጠቀምበት ፕሮግራምና ሰነድም ቢደረግ የተሻለ ነው።

የወረቀት መጠንና የኢትዮጵያ ፊደል

ሁለት ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ብዙ ሰዓት ያባክናሉ።

አንደኛው የወረቀት መጠን ነው። በአገራችን ቢሮዎች የሚሠራበት ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። በአሜሪካ የተለመደው «ሌተር» የተባለው ግን 216 በ279 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኮምፒውተሩ በሌተር ከተስተካከለ ፕሪንተሩ በሳጥኑ የሌለውን ወረቀት እየጠየቀ መብራቱን እያብለጨለጨ ይቆማል። ከቢሮ ሆኖ ያዘዘው ሰው ይህን መብራት አያይም። ስለዚህ በተከላው ቀን የፕሪንተሩም የኮምፒውተሩም ምርጫ ኤ4 መሆኑ ይረጋገጥ።

ሁለተኛው ፊደል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የተካተተው እ.አ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ብዙ ፕሪንተሮች ግን በውስጣቸው የፊደላችን ቅርጽ የላቸውም። ተራ ጽሑፍ እንዳለ በ9100 ወይም በ515 በር ቢላክላቸው ትርጉም የለሽ ምልክቶች ያትማሉ። ካፕስ ሰነዱን ቀድሞ ወደ ገጽ ምስልነት ቀይሮ ሲልክ ግን ፊደሉ የሚሣለው በኮምፒውተሩ በኩል ስለሆነ በትክክል ይወጣል። ለዚህም በኮምፒውተሩ ላይ እንደ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ያለ የኢትዮጵያ ፊደል ቅርጽ መጫን አለበት። ከሌላ ቦታ የሚመጣ ሰነድ ደግሞ ፊደሉን አብሮ በያዘ ፒዲኤፍ ቢላክ አስተማማኝ ይሆናል።

ወረቀት ሲቀር የት ይታያል?

ወረቀት ካልወጣ አምስቱን ጣቢያዎች በተራ መፈተሽ ነው።

በፕሮግራሙ፦ ሰነዱ የተላከው ወደ ትክክለኛው ፕሪንተር መሆኑ ይታይ። ወደ ሌላ ፕሪንተር ሄዶ በሌላ ክፍል ታትሞ ሊገኝ ይችላል።

በወረፋው፦ «ኤልፒስታት» የተባለው ትእዛዝ ከ«ቲ» ፊደል ጋር ሲጻፍ የወረፋውን ሙሉ ሁኔታ ያሳያል። የትኛው ሥራ እንደሚጠብቅ፣ ማን እንዳዘዘው፣ ወረፋው ሥራ ይቀበል እንደሆነና ይልክ እንደሆነ በዚህ ይታወቃል። ላኪው ከቆመ «ካፕስኢኔብል»፣ መቀበሉ ከቆመ «ካፕስአክሰፕት» የሚሉት ትእዛዞች ከፕሪንተሩ ስም ጋር ተጽፈው ያስነሡታል። ያልተፈለገ ወይም የተደጋገመ ሥራ በቁጥሩ «ካንስል» ተብሎ ይሰረዛል። ወረፋውን ከማስነሣት በፊት የተደጋገሙትን መሰረዝ ይቀድማል፤ አለበለዚያ ሁሉም ተከታትለው ይታተማሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የካፕስ መነሻ ደንብ አንድ ሥራ በስሕተት ሲቋረጥ ወረፋውን ማቆም ነው። ወረፋው ከዚያ በኋላ ኃላፊነት ያለው ሰው እስኪያስነሣው ድረስ አይንቀሳቀስም። ብልሽቱ ከተጠገነ በኋላም «ፕሪንተሩ አይሠራም» የሚባለው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ባለሙያ ሁልጊዜ በማይገኝበት ቢሮ ይህን ደንብ ከ«ፕሪንተሩን አቁም» ወደ «ሥራውን ደግመህ ሞክር» መቀየር ይቻላል።

በኔትወርኩ፦ የፒንግ ሙከራ ይደረግ፤ ገመዱ የተሰካበት ቦታ መብራት ይታይ፤ የፕሪንተሩ አድራሻ በተከላው ቀን ከታተመው ገጽ ጋር ይነጻጸር።

በፕሪንተሩ መቀበያ፦ አድራሻው ትክክል ሆኖ በሩ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ወረቀት ወጥቶ ትርጉም የለሽ ምልክት ከታተመበት ደግሞ የተመረጠው ሞዴል ወይም ድራይቨር ትክክል አይደለም።

በወረቀቱና በቀለሙ፦ ይህ በስልክ ጥሪ የሚፈታ ነው። በፕሪንተሩ አጠገብ ያለው ሰው ወረቀት መኖሩን፣ የተያዘ ወረቀት አለመኖሩንና በመስኮቱ ላይ የተጻፈውን መልእክት ያነብባል።

አንድ ፕሪንተር ለጥገና ሲወጣ «ኤልፒሙቭ» በተባለው ትእዛዝ የሚጠብቁት ሥራዎች ወደ ሌላ ፕሪንተር ሊዛወሩ ይችላሉ። ሥራዎቹን እንደ አዲስ ማዘዝ አያስፈልግም።

የሰው ምስጢር በወረፋ ላይ ሲያድር

በቢሮ የሚታተሙ ሰነዶች የይዞታ ማረጋገጫ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የብድር ውልና የፍርድ ቤት ማመልከቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ሰነዱ ከታተመ በኋላም ቅጂው ወዲያውኑ ላይጠፋ ይችላል። በአሁኖቹ የካፕስ እትሞች መነሻ ደንብ መሠረት የታተመ ሰነድ ፋይል ለአንድ ቀን በዲስኩ ላይ ይቆያል። ምስጢራዊ ሰነድ በብዛት የሚያትም ቢሮ ይህን ጊዜ ሊያሳጥረው ወይም ጨርሶ ሊያስቀረው ይችላል። ደንበኛ ፋይሉን በፍላሽ ይዞ በሚመጣባቸው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶችም ጥንቃቄው ያው ነው።

የፕሪንተሩ በሮች ለውጭው ኢንተርኔት ፈጽሞ ክፍት መሆን የለባቸውም። 9100 ላይ ማንነት የሚጠይቅ ስለሌለ ከየትም ዓለም ያለ ሰው ወረቀት ሊጨርስ ይችላል። ካፕስም ሲጫን የሚሰማው ከራሱ ኮምፒውተር የሚመጣውን ብቻ ነው፤ ሲጋራ መፈቀድ ያለበት ለግቢው ኔትወርክ ብቻ ነው። እ.አ.አ. በመስከረም 2024 ከካፕስ ጋር በሚሠራ ፕሪንተር አፈላላጊ ሶፍትዌር ላይ ከባድ ክፍተት መገኘቱ ይፋ ሆኗል። ሶፍትዌሩ በ631 በር ከማንም የሚመጣን መልእክት ይቀበል ስለነበር አጥቂ ሐሰተኛ ፕሪንተር አስገብቶ፣ ባለቤቱ ወደዚያ ባተመ ጊዜ በኮምፒውተሩ ላይ የራሱን ትእዛዝ ማስፈጸም ይችል ነበር። ማስተካከያው ተሠርቶለታል፤ የሚደርሰው ግን ሲስተሙን በየጊዜው ለሚያዘምን ቢሮ ነው።

ፕሪንተሩ በሌላ ከተማ ባለ ቅርንጫፍ ከሆነ በሩን ለኢንተርኔት ከመክፈት ይልቅ ሁለቱን ቢሮዎች በተመሰጠረ መስመር ማገናኘት ተገቢ ነው። ባለሙያዎች ቪፒኤን የሚሉት አሠራር ለዚህ ይውላል። ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ ሥራው በላኪው ኮምፒውተር ወረፋ ላይ ሆኖ መስመሩን ይጠብቃል።

ለቢሮዎችና ለተገልጋዮች

ፕሪንተር የሚያስተክል ማኅበር ወይም ቢሮ ከባለሙያው ሊረከብ የሚገባው የሚሠራ ማሽን ብቻ አይደለም። የፕሪንተሩ ስም፣ ቋሚ አድራሻው፣ የሚጠቀምበት በርና የተከላው ቀን በአንድ ወረቀት ተጽፎ በፕሪንተሩ ጎን ቢለጠፍ ቀጣዩ ጠጋኝ ከዜሮ አይጀምርም። የይለፍ ቃሉ ግን እዚያ አይለጠፍ፤ በኃላፊው ዘንድ ይቀመጥ። ወረፋ ማየትና የተደጋገመ ሥራ መሰረዝ የሚችሉ ቢያንስ ሁለት ሠራተኞች ቢሠለጥኑ አንዱ በሌለበት ቀን አገልግሎት አይቆምም። የመረከቢያ ወረቀቶች ተከታታይ ቁጥር ቢኖራቸው ደግሞ በስሕተት የተባዛ ወረቀት በቀላሉ ይለያል።

ተገልጋዩም «አይሠራም» ሲባል በአክብሮት አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል፦ ሰነዱ ወረፋ ላይ ነው ወይስ አልተላከም? ወረፋ ላይ ከሆነ ችግሩ ሲፈታ ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ ይታተማል፤ የሥራውን ቁጥር ይዞ በስልክ መጠየቅ ይችል ዘንድ ቢነገረው ሌላ ቀን በከንቱ አይመላለስም። ካልተላከ ደግሞ ሠራተኛው እዚያው ሳለ ወደ ሌላ ፕሪንተር ሊያዝዘው ይችላል።